የዚያን ልጅ ደመወዝ ማን ይከፍለዋል?

አክስቴ ቤት ያለው ቲቪ ምስሉ በአንድ ጎኑ እየጠቆረ ሲያስቸግራት አዲስ እንግዛ አለችኝ። አብሬያት ሄድኩ። የሄድነው እዚህ አሜሪካ በየከተማው ቅርንጫፍ ካላቸው ግዙፍ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች ወደ አንዱ ነው። ገብተን፣ መርጠን፣ ከፍለን የምንወጣ ነበር የመሰለኝ።

ቲቪዎቹ የተሰቀሉበት ግድግዳ ጋ ቆመን ግራ ሲገባን አንድ ወጣት ሻጭ መጣ። ስለ ቲቪ አንድም ነገር ሳይናገር ስለ ቤቱ መጠየቅ ጀመረ። ሳሎንዎ ትልቅ መስኮት አለው? ፀሐይ የሚገባው ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት? ሶፋው ከቲቪው ምን ያህል ይርቃል? አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት ምንድን ነው? አክስቴ ደስ አላት። መስኮቱ በዚህ፣ ሶፋው በዚያ፣ በሩ ከኋላ እያለች በእጇ ሳሎኗን እዚያው ሠራችለት።

ልጁ ሪሞቱን አነሳ። መደብር ውስጥ ያሉ ቲቪዎች ከሩቅ ዓይን እንዲስቡ ለሱቅ ተብሎ በተዘጋጀ ሞድ ላይ ነው የሚቀመጡት። ብርሃኑም ቀለሙም ጫፍ ድረስ ይወጣል። እሱ ያንን አጠፋና ወደ ቤት ሞድ ቀየረው። አክስቴ ዓይኗን የጣለችበት ውዱ ቲቪ ወዲያው ረገብ አለ። "ቤትዎ ሲገባ የሚታየው እንዲህ ነው" አላት። "ይሄ ኦሌድ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ነው በጣም የሚያምረው። የእርስዎ ሳሎን ብርሃን ይበዛበታል። ይሄኛው ይሻልዎታል" ብሎ በዋጋ ዝቅ ወዳለው ወሰዳት። ከዚያ ከኪሱ ሜትር አውጥቶ በቲቪው ሁለት እግሮች መሃል ያለውን ርቀት ለካ። የአክስቴ ጠረጴዛ ስንት እንደሚሰፋ ጠየቀን። ጠባብ ነው። እግሮቹ ጠርዙን ያልፋሉ። ስለዚህ መሃል ላይ በአንድ እግር የሚቆም ሌላ ሞዴል አሳየን። ይሄን ለማወቅ ስንት ሰው ቲቪውን ተሸክሞ ሲመልስ አይቶ ይሆን?

በዚህ መሃል የአክስቴ ልጅ ደወለ። ሌላ ስቴት ነው የሚኖረው። "እማ፣ እንዳትገዢ!" አላት። "የሞዴል ቁጥሩን ብቻ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ኦንላይን በቅናሽ አለ። ማታ አዝዝልሻለሁ።" ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። ሻጩ አማርኛ አይሰማም። ግን ነገሩ የገባው ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ስልክ በየቀኑ ሳያይ አይቀርም። ፈቀቅ ብሎ ጠበቀን።

አክስቴ ሻጩን ልጅ አየችው። ከዚያ ወደ ስልኩ ዞራ፣ "እሺ የኔ ጌታ፣ ይሄ ልጅ ግን ይሄን ሁሉ ሰዓት ቆሞ ነው ያስረዳኝ። የሱን ደመወዝ ማን ይከፍለዋል?" አለችው።

"ኩባንያው ነዋ!"

"ኩባንያውስ ከየት አምጥቶ?"

ከወዲያ በኩል መልስ አልመጣም። እኔም መልስ አልነበረኝም። አክስቴ ቁም ነገር ነው የጠየቀችው። ዕድሜዋን በሙሉ በሥራ ያሳለፈች ሰው ናት። ሰው ሲሠራ አየች፣ ለሥራው የሚከፍለው ማን እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። እኛ የመጣነው ቲቪ ልንገዛ ነው። የወሰድነው ግን ምክር ነው። ምክሩ ዋጋ አልተለጠፈበትም። ብናመሰግነውና ብንወጣ ኖሮ ምንም አላጎደልንም። ደረሰኝ የለው፣ ዕዳ የለው።

በመጨረሻ ለሻጩ ነገርኩት። ኦንላይን ይረክሳል ተብለናል አልኩት። ፊቱ አልተለወጠም። "ዋጋውን አሳዩኝ" አለ። አሳየነው። ሞዴሉ ያው መሆኑን፣ ዕቃው ስቶክ ውስጥ መኖሩን፣ ሻጩ ድረ ገጹ ራሱ እንጂ ሦስተኛ ወገን አለመሆኑን አጣርቶ በዚያው ዋጋ ሸጠልን። ካሸሯ ተጨማሪ ዋስትና እንፈልግ እንደሆነ ጠየቀች። አክስቴ አልፈልግም አለች። ኬብል ግን ገዛች። ወጣን። ጥያቄዋ ግን አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ የእነዚህን መደብሮች ታሪክ ሳነብና ስከታተል ከረምኩ። የሚከተለው እዚያ ያገኘሁት ነው።

ሳጥኑ ብቻውን አያበላም

ሰው ያን የሚያህል መደብር ሲያይ ያን የሚያህል ትርፍ ያለ ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ ትልቁ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ሰንሰለት ቤስት ባይ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2024 በተዘጋው የበጀት ዓመት 43.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሸጧል። የተጣራ ትርፉ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከመቶ ዶላር ሽያጭ ኪሱ የገባው ሦስት ዶላር አይሞላም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቲቪውና ላፕቶፑ የትም ያው ነው። እዚህ የተሸጠው ሳጥን ከዚያኛው መደብር ሳጥን አይለይም። ማንም ሰው ስልኩን አውጥቶ ማወዳደር ይችላል። ስለዚህ ዋጋውን የሚወስነው መደብሩ ራሱ ሳይሆን በጣም ርካሹ ተፎካካሪ ነው። ከትልቁ ሳጥን የሚገኘው ትርፍ ስስ ነው።

ታዲያ ኪራዩ፣ መብራቱና ደመወዙ ከየት ይመጣል? ከሳጥኑ ዙሪያ ነው። ከኬብሉ፣ ከግድግዳ ማንጠልጠያው፣ ከስልክ መሸፈኛው። ከተከላውና ከጥገናው። መደብሩ ከባንክ ጋር ሆኖ ከሚያወጣው የክሬዲት ካርድ። አምራቾች ዕቃቸው ጥሩ ቦታ እንዲቀመጥላቸው ከሚከፍሉት ገንዘብ። መደብሩ በራሱ ብራንድ ከሚያሠራቸው ዕቃዎች፤ የቤስት ባዩ ኢንሲግኒያ አንዱ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከተጨማሪ ዋስትናው። ለብዙ ዓመታት እነዚህን ሰንሰለቶች ቀጥ አድርጎ ያቆማቸው እሱ ነው። አክስቴ የገዛቻት ኬብል ከዋጋዋ አንጻር ከቲቪው በብዙ እጥፍ ታተርፋለች። እንግዲህ ከልጁ ደመወዝ ጥቂቱ ከእሷ የሚወጣ ነው ማለት ነው።

ይህ አሠራር ደስ የማይል ነገር አለው። ምክሩ በነፃ ይሰጥና ሒሳቡ ዋስትና በገዛው ሰው ላይ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ዋስትናውን የሚገዛው ደግሞ ስለ ዕቃው ብዙም የማያውቀውና የሚሰጋው ሰው ነው። የሚያውቀው ተምሮ ይወጣል፣ የማያውቀው ይከፍላል። ይህን ሳስብ አሁንም ይከነክነኛል።

በዚህ ላይ የሞዴል ቁጥር ነገር አለ። የአክስቴ ልጅ በመጀመሪያ የጠየቀው እሱን ነው። አምራቾች ለአንድ ሰንሰለት ብቻ ተብሎ የተሠራ ሞዴል ያወጣሉ። ከሌላው የሚለየው በአንድ ቀዳዳ ወይም በእግሩ ቅርጽ፣ አንዳንዴም በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ አንድ ካልሆነ ማወዳደር አይቻልም። "የሌላውን ዋጋ ካሳያችሁን እናስተካክላለን" የሚለው ቃልም አይሠራም። የእኛው ሞዴል የትም የሚሸጥ ስለነበር ተሳካልን።

ኮሚሽንና አንደበት

ያን ልጅ ሳስበው ሌላም ነገር ይመጣብኛል። በሽያጭ ልክ ኮሚሽን የሚከፈለው ቢሆን ኖሮ አክስቴን ከውዱ ወደ ርካሹ ይወስዳት ነበር?

ይህ ጥያቄ በዚህ ንግድ ውስጥ ድሮም የነበረ ነው። ቤስት ባይን የመሠረተው ሪቻርድ ሹልዝ በ1966 ሴንት ፖል ሚኒሶታ ውስጥ ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ የሚባል የቴፕና የድምፅ ማጉያ ሱቅ ከፍቶ ነው የጀመረው። በ1981 አውሎ ነፋስ ሮዝቪል የሚገኘውን ቅርንጫፉን ጣሪያውን ገነጠለው። ሹልዝ የተረፈውን ዕቃ እዚያው ፓርኪንጉ ላይ ዘርግቶ በርካሽ ቸበቸበው። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ መጣ። ብዙ ዕቃ፣ ዝቅ ያለ ዋጋ፣ ሽርጉድ የሌለበት ሽያጭ፤ ሰው የሚፈልገው ይሄን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። በ1983 የኩባንያው ስም ቤስት ባይ ሆነ። በ1989 ደግሞ ኮሚሽንን አስቀርቶ ሻጮቹን በደመወዝ አደረጋቸው።

ይህን አንዳንድ አምራቾች አልወደዱትም። በኮሚሽን የሚሠራ ሻጭ ገዢውን ወደ ውዱ ሞዴል የሚገፋ እጃቸው ነበርና። ገዢው ግን ወደደው። ሻጩ ሲጠጋው አይሸሽም። በእርግጥ ኮሚሽን የለም ማለት ግፊት የለም ማለት አይደለም። ዛሬም ሻጮች ስንት ዋስትና፣ ስንት የአባልነት ካርድ አስገባችሁ ተብለው ይለካሉ። ያም ሆኖ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሰው አንደበቱ የሚከተለው ደመወዙን ነው። ቤቷ ገብቶ የሚያሳዝናትን ዕቃ ሳይሆን የሚጠቅማትን እንዲነግራት ከተፈለገ፣ እውነቱን በመናገሩ ኪሱ የማይጎዳ መሆን አለበት።

3,400 ሰው በአንድ ቀን

አሁን ወደ ሌላኛው ታሪክ ልምጣ። ስለዚህ ንግድ ካነበብኩት ሁሉ ውስጤ የቀረው ይሄ ነው።

ሰርኪት ሲቲ የቤስት ባይ ትልቁ ተቀናቃኝ ነበር። ሳሙኤል ወርትዘል የሚባል ሰው በ1949 ሪችመንድ ቨርጂኒያ ላይ የመሠረተው ነው። ለብዙ ዓመታት በሻጮቹ እውቀት ይኮራ ነበር። የሚሠሩት በኮሚሽን ነው። ግን ዕቃውን አብጠርጥረው ያውቁታል። በ2003 ኩባንያው ኮሚሽኑን አስቀረ። በዚያው 3,900 ያህል ሻጮችን አሰናበተ። የቀሩት በሰዓት ክፍያ ቀጠሉ።

ከዚያ ማርች 2007 መጣ። ኩባንያው 3,400 ያህል የመደብር ሠራተኞቹን በአንድ ጊዜ አባረረ። ጥፋት ስላጠፉ አይደለም። ሥራው ስለቀረም አይደለም። ምክንያቱን ኩባንያው ራሱ በይፋ ተናገረው፦ በገበያው ካለው ክፍያ በላይ ይከፈላቸዋል። በቦታቸው በአነስተኛ ክፍያ ሌላ ሰው ይቀጠራል። የተባረሩትም ከፈለጉ ከአሥር ሳምንት በኋላ በአነስተኛው ክፍያ ተመልሰው ማመልከት ይችላሉ።

ይህን ያነበብኩ ቀን ቆም ብዬ አሰብኩ። እነዚያ ሰዎች ከሌላው በላይ የሚከፈላቸው ለምን ነበር? አብዛኞቹ ስለቆዩ ነው። ጎበዝ ስለሆኑም ነው። የደመወዝ ጭማሪው በየዓመቱ የተሰጣቸው ሥራቸው ታይቶ ነው። ስለዚህ "ብዙ የሚከፈለውን አውጡልኝ" የሚለው ትእዛዝ ሲፈጸም "የሚያውቀውን አውጡልኝ" ማለት ሆኖ ቁጭ አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? የደመወዝ ወጪ ልትቀንስ የተነሳች፣ ሰው ከኦንላይን ትቶ ወደ መደብሯ እንዲመጣ የሚያደርገውን ነገር በገዛ እጇ ጣለችው።

ይህ እንዴት አልታያቸውም? መልሱ ሒሳብ አያያዙ ላይ ያለ ይመስለኛል። ደመወዝ ወጪ ሆኖ ይመዘገባል። በየወሩ ይታያል፣ በየሩብ ዓመቱ ይደመራል። አንድ ሻጭ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ነገር ግን የትም አይጻፍም። ስቶክ ክፍል ያለው ቲቪ ንብረት ተብሎ ይቆጠራል። የትኛው ቲቪ ለየትኛው ሳሎን እንደሚሆን የሚያውቀው ሰው ግን ሒሳቡ ላይ የሚታየው የወጪ መስመር ሆኖ ብቻ ነው። ወጪ ቀንሱ ሲባል ቢላዋው የሚሄደው ወደሚታየው ነው።

ሽያጩ ዘቀጠ። ኖቬምበር 2008 ሰርኪት ሲቲ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ጃንዋሪ 2009 ላይ የቀሩት 567 መደብሮች በሙሉ እንዲዘጉ ተወሰነ። ከ30,000 በላይ ሠራተኛ ሥራ አጣ። ማርች ላይ የመጨረሻው በር ተዘጋ።

ይህን ሁሉ በዚያ አንድ ውሳኔ ላይ መጫን ግን ልክ አይደለም። ኩባንያው በ2000 ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ መሸጥ አቁሞ ነበር። ብዙ መደብሮቹ ሰው የማይበዛበት የቆየ ሰፈር ቀርተው ነበር። የጠፍጣፋ ቲቪ ዋጋ በጣም ወረደ። በላዩ ላይ የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ መጣ፤ አቅራቢዎች ዕቃ በዱቤ መስጠት ፈሩ። ቤስት ባይም ያው ማዕበል መትቶታል። ግን ቆመ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው የቆመው በዕድል ብቻ ነው ማለት ያስቸግረኛል። ገዢ መደብር ገብቶ ጥያቄ ሲጠይቅ ሻጩ ካርቶኑን አዙሮ ካነበበለት፣ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ካርቶኑን እሱም ማንበብ ይችላል። ለምን ተመልሶ ይመጣል?

ከሩቁ የመጣው አለቃ

ሰርኪት ሲቲ ሲዘጋ ቤስት ባይ ሜዳው ባዶ ሆነለት ተብሎ ነበር። ብዙም አልዘለቀም። በ2012 ሁሉም ስለሱም መሞት ይጽፍ ነበር። የኩባንያው አለቃ በኤፕሪል ለቀቀ። መሥራቹ ሹልዝ ኩባንያውን መልሶ ለመግዛት ይታገል ነበር። የአክሲዮኑ ዋጋ ዓመቱ ሲያልቅ 11 ዶላር አካባቢ ደረሰ። ሰዎች መደብሩ ውስጥ ዕቃውን ነካክተው፣ ሻጩን ጠያይቀው፣ እዚያው ቆመው በስልካቸው ከአማዞን ያዝዛሉ። የአክስቴ ልጅ የመከራት በትክክል ይሄንን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያነሳው አንድ ነገር አለ። የኦንላይኑ ርካሽነት የብልጠት ብቻ አልነበረም። ታክስም ነበረበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 በሰጠው ውሳኔ፣ አንድ ስቴት ውስጥ ሱቅም መጋዘንም የሌለው ሻጭ ለዚያ ስቴት የሽያጭ ታክስ የመሰብሰብ ግዴታ አልነበረበትም። መደብሩ ካሸር ጋ ታክስ ይጨምራል፣ ኦንላይኑ ብዙ ጊዜ አይጨምርም። ለቲቪ ያህል ዕቃ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። አማዞን ከ2012 ጀምሮ በብዙ ስቴቶች መሰብሰብ ጀመረ። ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን የለወጠው ግን በጁን 2018 ነው። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ወለሉ ላይ ለሚቆም ሻጭ ደመወዝ የሚከፍለው ሱቅ፣ እንዲህ ያለ ሻጭ ከሌለው ጋር ባልተስተካከለ ሜዳ ላይ ነው የተጫወተው።

በሴፕቴምበር 2012 ሁበርት ጆሊ የሚባል ፈረንሳዊ የቤስት ባይ አለቃ ሆኖ መጣ። ከሆቴልና ከጉዞ ንግድ ነው የመጣው። መደብር አስተዳድሮ አያውቅም። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ግን ይገርመኛል። ሴንት ክላውድ ሚኒሶታ ወዳለው ቅርንጫፍ ሄዶ የሻጮቹን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ "በሥልጠና ላይ ያለ አለቃ" የሚል ባጅ አድርጎ ከሻጮቹ ጋር ዋለ። ምን ያስቸግራችኋል ብሎ ጠየቃቸው። ካነሱለት አንዱ፣ የራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ፍለጋው በትክክል አይሠራም የሚል ነበር። ሌላው፣ የሠራተኞች የዕቃ ቅናሽ ተቀንሶብናል የሚል። ቅናሹን መለሰላቸው። ጥቂት ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ከሰርኪት ሲቲው ማርች ጋር ፊት ለፊት የሚቆም ነው። አንዱ የሚያውቀውን ሰው አባረረ፤ ሌላው የሚያውቀውን ሰው ጠየቀ። ጆሊም ሰው ቀንሷል፤ በ2013 ከዋናው መሥሪያ ቤት 400 ያህል አሰናብቷል። ቢላዋው መጀመሪያ ያረፈው ግን መደብሩ ወለል ላይ አይደለም።

ቀጥሎ ዋጋ ላይ ተዋጋ። ከ2013 ጀምሮ የአማዞንንና የሌሎች ትልልቅ ተፎካካሪዎችን ዋጋ ማስተካከል ቋሚ አሠራር ሆነ። "ዋጋውን አሳዩኝ" ማለት ዛሬ የብዙ መደብሮች ልማድ የሆነው በዚያ ዘመን ነው። ይህ ትርፍ ይበላል። ግን ሻጩን ነፃ ያወጣዋል። ከዚያ በፊት ሻጩ በአንድ የማይረታ ነገር ይረታ ነበር፦ ያሳመነው ሰው እሱ ዘንድ ሳይገዛ ይሄዳል። አሁን የሠራው ሥራ መደብሩ ውስጥ ይቀራል።

ሦስተኛው ነገር ለአክስቴ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የሰጠኝ ነው። መደብሩ ለካ ለአምራቾቹም ያስፈልጋቸው ነበር። ሳምሰንግ ሰው ነክቶ የሚያየው ስልክና ቲቪ በየከተማው የሚያሳይበት ቦታ ይፈልጋል። የራሱን ሱቅ በየቦታው መክፈት ውድ ነው። በ2013 ከ1,400 በላይ በሆኑ የቤስት ባይ ቅርንጫፎች ውስጥ የራሱን ጥግ አገኘ። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት 500 በሚሆኑ የአሜሪካ ቅርንጫፎች ውስጥ ገባ። ሌሎቹም ተከተሉ። ቤስት ባይን ይገድለዋል የተባለው አማዞን እንኳ የራሱን ዕቃዎች እዚያ አስቀመጠ። በ2018 ጄፍ ቤዞስ ከጆሊ ጋር ቤልቪው ዋሺንግተን ያለው ቅርንጫፍ ውስጥ ቆሞ የአማዞን ሶፍትዌር ያላቸው ቲቪዎች በቤስት ባይ በኩል እንደሚሸጡ ተናገረ። ያ መደብር እንደ ማሳያ አዳራሽ ብቻ ያገለግላል ተብሎ ሲታዘንለት፣ ማሳያነቱ ራሱ የሚከራይ ነገር ሆኖ ተገኘ። ወለሉና ወለሉ ላይ የቆመው ሰው፣ ገዢው ባይከፍልባቸው እንኳ አምራቹ የሚከፍልባቸው ናቸው።

መደብሮቹ መጋዘንም ሆኑ። ኦንላይን ያዘዝከው ዕቃ ቅርብህ ካለው ቅርንጫፍ ይላካል፣ ወይም ሄደህ ትወስደዋለህ። በ2002 የገዙት ጊክ ስኳድ ደግሞ ቤት ድረስ እየሄደ ይተክላል፣ ይጠግናል። ጆሊ በ2019 ሲለቅ አክሲዮኑ ከ60 ዶላር በላይ ነበር።

ዛሬስ?

ይህን ታሪክ እዚህ ላይ ብዘጋው ደስ ባለኝ። ግን አልተዘጋም። ፌብሩዋሪ 2021 ላይ ቤስት ባይ 5,000 ያህል ሠራተኞቹን ማሰናበቱን ተናገረ። አብዛኞቹ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ነበሩ። በምትኩ ሙሉ ቀን የማይሠሩ 2,000 ገደማ የከፊል ጊዜ ሠራተኞች እንደሚጨመሩ ተገለጸ። ምክንያቱ ይገባኛል። በኮቪድ ጊዜ ሰው ወደ ኦንላይን ጎረፈ። ዛሬም ከአሜሪካ ሽያጩ ሲሶ ያህሉ በኦንላይን ነው። መደብሩ ውስጥ የሚገባው ሰው ቀንሷል።

ቢሆንም ያ ዜና አስደንግጦኛል። የሙሉ ጊዜ ሻጭ ጥቅማ ጥቅም አለው፣ ይቆያል፣ ያያል፣ ይማራል። በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሠራ ሰው ጥሩ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ግን የሚያውቀው ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ያለውን ያህል ነው። 2021ን ከ2007 ጋር አንድ ነው አልልም። ያኛው ብዙ የሚከፈለውን መርጦ ነው ያወጣው። ይሄኛው የሥራውን ቅርጽ ነው የቀየረው። ወለሉ ላይ የሚቀረው እውቀት ግን በሁለቱም ይሳሳል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል። በአንድ ማለዳ ስብሰባ የተወሰነ ቅነሳ ያጠፋውን ልምድ መልሶ ለማጠራቀም ዓመታት ይፈጃል።

በጎን ደግሞ የደመወዙ ምንጭ እየተቀየረ ነው። በ2022 ቤስት ባይ የማስታወቂያ ክፍሉን አቋቋመ። ድረ ገጹና መደብሩ ላይ የሚታየውን ቦታ ለአምራቾች ይሸጣል። ማስታወቂያ ከቲቪ ሽያጭ ጋር የማይወዳደር ትርፍ አለው። ኦገስት 2025 ላይ ደግሞ ሌሎች ነጋዴዎች ዕቃቸውን በድረ ገጹ የሚሸጡበትን ገበያ ከፈተ። ዕቃው የነሱ ነው፣ ስቶኩም የነሱ ነው፣ ቤስት ባይ የሚወስደው ድርሻውን ብቻ ነው። ለኩባንያው ሒሳብ ይሄ የሚያጓጓ ነው። መጋዘን አያስፈልገውም። ሜትር ይዞ የሚቆም ሰውም አያስፈልገውም።

ሽያጩ በ2022 በተዘጋው የበጀት ዓመት 51.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2025 በተዘጋው 41.5 ቢሊዮን ገደማ ሆኗል። ሽያጭ እንዲህ ሲወርድ አለቆች ፊት የሚቀርበው ዝርዝር ይታወቃል። ማስታወቂያውና የሌሎች ነጋዴዎች ገበያ በትንሽ ሰው ብዙ ያስገባሉ። ወለሉ በብዙ ሰው ትንሽ ያስገባል። እኔ የምሰጋው ሁለቱ ተለያይተው እንዳይታዩ ነው። ሳምሰንግ ለዚያ ጥግ የሚከፍለው፣ አስተዋዋቂውም ለዚያ ስም የሚከፍለው፣ ሰው እዚያ መደብር ሲገባ የሚታመን መልስ አገኛለሁ ብሎ ስለሚያስብ ነው። ያን መልስ የሚሰጡት ሰዎች በሰዓት የሚከፈላቸው ናቸው። ማስታወቂያው ከሚያስገባው ገንዘብ ከፊሉ ተመልሶ ወደ ሰዓታቸውና ወደ ሥልጠናቸው ካልገባ፣ አስተዋዋቂው ራሱ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚከፍልበት ነገር ያጣል።